በጨለማ የታየች ብልጭታ፦ የሃይንሪክ ኸርዝ የሕይወት ታሪክ



በየመኝታ ክፍላችን ካሉት ሬዲዮኖች አንዱን አንሡና የጣቢያ መፈለጊያውን መስታወት ተመልከቱ። ከቁጥሮቹ ዳር ኪሎ ኸርዝና ሜጋ ኸርዝ የሚሉ ምሕጻረ ቃላት ታገኛላችሁ። ዕድሜው ጠና ያለ ሬዲዮ ከሆነ በዚያው ቦታ ላይ ኪሎ ሳይክል ተብሎ ይሆናል። ይህ ኸርዝ የሚባለው ነገር የሰው ስም መሆኑን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሰምተናል፤ ሰምተንም አልፈነዋል። ሰውየው ገና በ36 ዓመቱ እንደ ሞተ፣ ስሙን ያስጠራውን ሥራም የሠራው በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ሳለ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ፈልጎ ባገኘው አሮጌ ዕቃና ራሱ ባጣመመው ሽቦ እንደ ሆነ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የዛሬው የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ስለዚህ መምህር ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይንሪክ ኸርዝ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በሰሜን ጀርመን የወደብ ከተማ በሐምቡርግ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር። የአባቱ ዘር ከአይሁድ ወገን ሲሆን ቤተሰቡ ክርስትናን ከተቀበለ ቆይቷል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ፣ በቋንቋም ብርቱ ነበር፤ ዐረብኛ እንኳ ተምሯል። ይሁን እንጂ ከመጽሐፉ እኩል የሚወደው የእጅ ሥራ ነበር። እንጨት ይልጋል፣ ያንኳኳል፣ ከአንድ ባለሙያም ዘንድ የቶርኖ ሥራ ተምሯል። ያ የቶርኖ አስተማሪው፣ ልጁ አድጎ ፕሮፌሰር መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ ግሩም የቶርኖ ሠራተኛ ይወጣው ነበር ብሎ አዘነ ይባላል። የተማረ ሰው እጁን ከዘይትና ከብረት ብናኝ ያርቃል የሚለው አስተሳሰብ እኛም አገር ያለ ነው። ኸርዝ ግን እጁ ባይፈታ ኖሮ እንኳን የዓለም ሳይንቲስት፣ የክፍሉን ሠርቶ ማሳያ የሚያዘጋጅ መምህርም ባልሆነ።

መጀመሪያ መሐንዲስ ለመሆን ነበር የተነሣው። በፍራንክፈርትና በድሬስደን ቆየ፣ አንድ ዓመት ውትድርና አገለገለ፤ በ1877 ሙኒክ ሲገባ ግን ልቡ ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። በ1878 ወደ በርሊን ተሻገረና በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከሔልምሆልትዝ እግር ሥር ተቀመጠ። በ1880 ዶክትሬቱን አገኘ፤ እስከ 1883ም የሔልምሆልትዝ ረዳት ሆኖ ሠራ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ ሰው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 ባወጣው ጽሑፍ ኤሌክትሪክና ማግኔት ተያይዘው በባዶ ሕዋ ውስጥ እንደ ሞገድ ሊጓዙ እንደሚችሉ፣ ፍጥነታቸውም የብርሃን ፍጥነት እንደ ሆነ፣ ብርሃንም ራሱ ከዚሁ ሞገድ አንዱ ዓይነት እንደ ሆነ በሒሳብ አሳየ። በሒሳብ ብቻ! እንዲህ ያለውን ሞገድ ሠርቶ ያሳየ አልነበረም፤ ማክስዌልም ሳያየው በ1879 ሞተ። በዚያው ዓመት የበርሊን አካዳሚ ከዚሁ ሐሳብ አንዱን ክፍል በሙከራ ላረጋገጠ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ሔልምሆልትዝም ሥራው ለዚህ ወጣት ይሆናል ብሎ አሰበ። ኸርዝ ቁጭ ብሎ አሰላና በጊዜው ባለው መሣሪያ የሚበቃ ፈጣን ርግብግቢት ማግኘት እንደማይቻል ተረዳ። ስለዚህ ተወው። መተዉ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስነቅፈውም፤ ሐሳቡ ግን ከአእምሮው አልወጣም።

ቀጥሎ በኪል ከተማ ሁለት ዓመት ያህል አስተማረ። እዚያ ይህ ነው የሚባል ቤተ ሙከራ ስላልነበረ በወረቀትና በእርሳስ ከማክስዌል እኩልነቶች ጋር ሲታገል ከረመ። በ1885 የካርልስሩኸ ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው። በ1886ም ከባልደረባው ልጅ ከኤሊዛቤት ዶል ጋር ተጋባ።

እንግዲህ ዋናው ነገር የመጣው በዚሁ ዓመት መከር ላይ ነው። በትምህርት ቤቱ የፊዚክስ ዕቃ ቤት ውስጥ ለክፍል ማሳያ የሚሆኑ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ነበሩ። ኸርዝ ለተማሪዎች ሊያሳይባቸው ሲሞክር፣ በአንደኛው ጥቅል ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ክምችት በብልጭታ በተለቀቀ ቁጥር ሁለተኛው ጥቅል፣ ምንም ሽቦ ሳያገናኘው፣ እርሱም ብልጭ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ተማሪዎቹን አስደንቆ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው ይመልስ ነበር። ኸርዝ ግን በዚያች ብልጭታ ውስጥ፣ ከሰባት ዓመት በፊት የለም ብሎ የተወውን ፈጣን ርግብግቢት አየ።

ወዲያው መሣሪያ ሠራ። ማስተላለፊያው ከመካከሉ የተቆረጠ ቀጥ ያለ የመዳብ ሽቦ ሲሆን በሁለቱ ጫፎች ላይ ሁለት ትልልቅ የዚንክ ሉሎች ተሰክተዋል፤ የእያንዳንዱ ሉል አግድመት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በተቆረጠው ቦታ ላይ ከኢንዳክሽን ጥቅል የሚመጣው ኃይል ይንጣጣል። መቀበያውስ? መቀበያው አምፑል የለው፣ ባትሪ የለው፣ ማጉያ የለው። በአራት ማዕዘን ወይም በክብ የታጠፈ ሽቦ ነው፤ ጫፎቹ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው ቆመዋል። በመካከላቸው ያለችውን ክፍተት የምታጠብና የምታሰፋ ረቂቅ ብሎን አለች። ይኸው ነው!

ታዲያ አንድ መቀበያ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ለመፍረድ መለኪያ ያስፈልጋል። የመቀበያ ንቃት የምንለው፣ ምን ያህል ደካማ ሞገድ ለይቶ መቀበል እንደሚችል ነው። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም፤ በገንዘብ የሚገዛ እንኳ ቢሆን። ኸርዝ ብሎኗን መለኪያ አደረጋት። ክፍተቱን ቀስ እያለ ያሰፋል፤ ብልጭታዋ መታየት ያቆመችበትን ርቀት ከብሎኗ ላይ ያነባል፤ ይጽፋል። ሞገዱ ሲበረታ ብልጭታዋ ረጅም ክፍተት ትዘላለች፤ ሲደክም አጭር። ከዚያም የመቀበያውን ሽቦ ርዝመት ጥቂት በጥቂት እየለወጠ ለካ። ሽቦው ከማስተላለፊያው ጋር የተስማማ ርዝመት ላይ ሲደርስ ብልጭታዋ ዘለግ ትላለች፤ ከዚያ ሲያልፍ መልሳ ታጥራለች። ውጤቱን በግራፍ ሲያስቀምጠው ወጥቶ የሚወርድ ኩርባ ሆነ። ዛሬ የሬዲዮኑን ቁልፍ እያዞርን ጣቢያ ስንይዝ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ከማስተላለፊያው እየራቀ ሲሄድ ብልጭታዋ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ብዙም የማትበልጥ ሆነች። ዕድሜዋም ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። እንዲህ ያለችውን ነገር በዓይን ለማየት ክፍሉን ጥቅጥቅ አድርጎ ማጨለምና ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ታግሦ መቀመጥ ግድ ነው። ስለዚህ የመቀበያው ግማሽ ሽቦው ነበር፤ ሌላው ግማሽ የኸርዝ ዓይን።

ብልጭታዋን አጥርቶ ለማየትም የመቀበያውን ክፍተት በጨለማ ሣጥን ሸፈነው። እዚህ ላይ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። መሣሪያው ሊሻሻል ሲገባው ባሰበት፤ ብልጭታዋ አጠረች! ብዙ ሰው ሣጥኑን አንሥቶ ይጥልና ሥራውን ይቀጥላል። ኸርዝ ግን ዋናውን ሥራ አቁሞ ለወራት ይህን ጉድ ተከታተለ። በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል መስታወት ሲያቆም ታጥራለች፤ ኳርትዝ የተባለውን ድንጋይ ሲያቆም አታጥርም። በመጨረሻ ከማስተላለፊያው ብልጭታ የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው አልትራ ቫዮሌት ብርሃን በመቀበያው ክፍተት ላይ ሲያርፍ ብልጭታዋን እንደሚያግዛት ደረሰበት፤ በ1887ም አሳተመው። ይህ ፎቶ ኤሌክትሪክ የሚባለው ክስተት መጀመሪያ ነው፤ አንስታይን በ1905 ምክንያቱን አብራርቶ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ማለት ነው። እነሆ፣ የመቀበያን ንቃት ለማሻሻል ከተሠራች አንዲት ሣጥን የወጣ!

እስቲ ከካርልስሩኸ ጥቂት ወጣ ብለን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ይህን የመሰለ መለካት እዚህ ጎንደር፣ ያለ ወጪ ይቻላል። ሁለት የተለያዩ ሬዲዮኖች፣ አንድ ሞረድ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። አንደኛውን ሽቦ ከባትሪው አንድ ጫፍ ከሞረዱ ጋር አያይዙ፤ ከሌላው ጫፍ የመጣውን ሽቦ በሞረዱ ጥርስ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርጉ። በመካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል። ሞረዱ የኸርዝን ማስተላለፊያ ቦታ ያዘ ማለት ነው። አሁን ጓደኛችሁ ሬዲዮኑን ይዞ በስንዝር በስንዝር ይራቅ፤ ኮሽታው ከሬዲዮኑ የራሱ ሹሹታ ተለይቶ መሰማት ባቆመበት ቦታ ጠጠር ያኑር። በሁለተኛው ሬዲዮም ይኸው ይደገም። ባትሪዎቹ እኩል አዲስ ይሁኑ፤ ሬዲዮኑ ባለበት እየዞረ በሚበረታበት አቅጣጫ ይያዝ፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ። ጩኸቱ የበረታው ሬዲዮ ንቁ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው ሬዲዮ የራሱንም ሹሹታ አብሮ ያጮኸዋል፤ ዳኛው ኮሽታው ከሹሹታው መለየቱ ነው። ሽቦው ይግላልና ፍተጋው ለአጭር ጊዜ ይሁን፤ በመኪና ባትሪ ወይም በግድግዳ መብራት ግን ፈጽሞ እንዳይሞከር።

ጣቢያ የያዘ ሬዲዮ ደግሞ ክዳኑ በደንብ በገጠመ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ክተቱት፤ ከዚያም በሸክላ ዕቃ ውስጥ። ብረት ያፍነዋል፣ ሸክላ ያሳልፈዋል። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ በሆነ ቤትና በሣር ክዳን ጎጆ መካከል ያለው ልዩነት ከዚሁ የመጣ ነው። ከኢንስቲትዩቱ ወጥተን ወገራ ወይም ደባርቅ ስንመደብ፣ ለገጠር ትምህርት ቤት ሬዲዮኑን የት እናስቀምጠው ለሚለው ጥያቄ ይህ ዕውቀት ሳይጠቅም አይቀርም።

ወደ ኸርዝ እንመለስ። በ1888 ሥራውን ወደ ትልቁ የትምህርት አዳራሽ አዛወረ። አዳራሹ 15 ሜትር በ14 ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር ሲሆን በውስጡ የብረት ምሰሶዎች ተደርድረዋል። ከጣራው የተንጠለጠሉትን የጋዝ መብራቶች አስወረደ። በአንደኛው ግድግዳ ላይ 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የዚንክ ቆርቆሮ ለጠፈና ማስተላለፊያውን ከ13 ሜትር ርቀት አንጻሩ አቆመ። የሚሄደው ሞገድና ከቆርቆሮው የሚመለሰው ሞገድ ሲገናኙ፣ በአዳራሹ ውስጥ ብልጭታዋ የምትበረታበትና የምትጠፋበት ቦታ በየተራ ይፈጠራል። ኸርዝ ክብ ሽቦውን ይዞ በጨለማ እየተመላለሰ እነዚህን ቦታዎች በሜትር ለካ፤ የሞገዱ ርዝመት 9.6 ሜትር ያህል ሆነ። ማክስዌል በሒሳብ የተነበየው ነገር በክፍል ውስጥ በሜትር ተለካ!

ሥራው እንከን የለሽ ነበር ማለት ግን አይደለም። የርግብግቢቱን ጊዜ ሲያሰላ ስሕተት ሠርቷል፤ ፈረንሳዊው ፖንካሬ ነው ያሳየው። ከዚህም ሌላ ሞገዱ በሽቦ ላይና በአየር ውስጥ በእኩል ፍጥነት መጓዝ ሲገባው የእርሱ ልኬት ልዩነት አወጣ። ሁለት የጄኔቫ ሰዎች በ1893 እጅግ ሰፊ በሆነ አዳራሽ ሙከራውን ደግመው ፍጥነቱ እኩል መሆኑን አሳዩ። ለካስ ያሳሳተው አዳራሹ ነው፤ ለ10 ሜትር ሞገድ 15 ሜትር ክፍል ጠባብ ነው፤ ምሰሶውም ግድግዳውም ሞገዱን ያንጸባርቁታል። ኸርዝ ስሕተቱን አልደበቀም። ጽሑፎቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ ሲያወጣ መግቢያው ላይ የት የት እንደ ሳተ ራሱ ጻፈው።

አዳራሹን ማስፋት አይቻልም፤ ሞገዱን ማሳጠር ግን ይቻላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ 66 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ አመነጨ። የዛሬው ተንቀሳቃሽ ስልክ ከዚህ ብዙም በማይርቅ የሞገድ ርዝመት ነው የሚሠራው። 2 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የዚንክ መስታወቶች አጉብጦ አንዱን ለማስተላለፊያው፣ ሌላውን ለመቀበያው አደረገ። አሁን ብልጭታዋ እስከ 16 ሜትር ድረስ ታየች፤ ለዚህም የክፍሎቹን በር መክፈት ነበረበት። የእንጨት በር ቢዘጋም ሞገዱ ያልፋል፤ ቆርቆሮ ሲቆም ግን ይቋረጣል። ብርሃን በመስታወት ፕሪዝም እንደሚታጠፍ ይህም ይታጠፍ እንደ ሆነ ለማየት ፕሪዝም አስፈለገው። ከመስታወት ይሠራ ቢባል ማን ይከፍላል? ከሬንጅ መሰል ቅጥራን አስቀልጦ አሠራው፤ ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ክብደቱ ከ6 ኩንታል በላይ። ሞገዱም ታጠፈ! በእንጨት ፍሬም ላይ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ የመዳብ ሽቦ ወጥሮም ሞገዱ በአንድ በኩል እንደሚያልፍ፣ ፍሬሙ ሲዞር እንደሚቆም አሳየ። ብርሃን የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ።

ዜናው በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ፤ ኸርዝም በ1889 ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያው ዓመት አንድ የሙኒክ መሐንዲስ በዚህ ሞገድ ስልክ ማነጋገር ይቻል እንደ ሆነ በደብዳቤ ጠየቀው። ኸርዝ የድምፅ ርግብግቢት እጅግ ዝግ ያለ ስለ ሆነ የሚያስፈልገው መስታወት አህጉር የሚያክል ነው ሲል መለሰ። የተጠየቀውን በትክክል አስልቷል፤ ዝግተኛውን ድምፅ በፈጣኑ ሞገድ ጀርባ ላይ መጫን ይቻላል የሚለው ሐሳብ ግን አልመጣለትም። አባት የሆነበትን ነገር ጥቅም ሳያይ ቀረ።

ጊዜም አላገኘም። በ1892 ከአፍንጫና ከጆሮ የተነሣ ብርቱ ሕመም ያዘው፤ ተደጋግሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ዛሬ ያሉ ሐኪሞች የደም ሥሮችን የሚያቆስል ብርቅ በሽታ ነበር ብለው ይገምታሉ። ሕመሙ ፋታ በሰጠው ቁጥር እያስተማረ፣ ስለ ሜካኒክስ የጻፈውን የመጨረሻ መጽሐፍም ለአታሚ አድርሶ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 ሞተ። ሁለት ሴቶች ልጆች ትቶ ነበር፤ ትንሿ ማቲልዴ ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር።

እርሱ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ የመቀበያው ነገር ተለወጠ። ፈረንሳዊው ብራንሊ በብረት ብናኝ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ሠርቶ ነበር፤ ሞገድ ሲነካው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ጨለማም ዓይንም አያስፈልገውም። እንግሊዛዊው ሎጅ በ1894 ለኸርዝ መታሰቢያ ባደረገው ንግግር ላይ አሳየበት፤ ሩሲያዊው ፖፖቭ በ1895 የመብረቅን ሞገድ ያዘበት፤ ጣሊያናዊው ማርኮኒም በዚያው ዓመት ከኮረብታ ማዶ ምልክት አሳለፈበት፤ በ1901ም አትላንቲክን አሻገረው። ማርኮኒ ኋላ የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ አገራችን ስትወረር ወረራውን መደገፉን ሳናስታውስ አናልፍም። በ1935፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ ለውጭው ዓለም የአገራቸውን አቤቱታ ያሰሙትም በዚሁ ሞገድ ነው። መሣሪያው ለወራሪውም ለተወራሪውም እኩል አገልግሏል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ትመጣለች። በቦን የኸርዝ ረዳት የነበረውና የመጨረሻ መጽሐፉን ለሕትመት ያበቃው ፊሊፕ ሌናርድ በ1905 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ይኸው ሰው ኋላ የናዚ ደጋፊ ሆኖ የአይሁድ ፊዚክስ እያለ በአይሁዳውያን ሳይንቲስቶች ላይ ዘመተ፤ የገዛ መምህሩንም በአባቱ ዘር እስከ መመተር ደረሰ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የኸርዝ ሥዕል ከተወለደባት ከተማ ከሐምቡርግ ማዘጋጃ ቤት ወረደ። ክርስቲያን ሆኖ ተወልዶ ክርስቲያን ሆኖ የሞተ፣ ከሞተም 40 ዓመት ያለፈው ሰው! ባለቤቱ ኤሊዛቤትና ሁለቱ ልጆቹ አገራቸውን ጥለው እንግሊዝ አገር ገቡ። ትልቋ ልጁ ዮሐና ከዚያ በፊት በ1927 የአባቷን ደብዳቤዎችና የቀን ማስታወሻዎች አሳትማ ስለነበር፣ በካርልስሩኸ ጨለማ ውስጥ ስላሳለፋቸው ቀናት የምናውቀው ብዙው ከዚያ ነው።

ስሙን ግን ከሬዲዮን ላይ ማውረድ አልተቻለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ1930 ኸርዝን የርግብግቢት መለኪያ አድርጎ ነበር፤ በ1960 ደግሞ በዓለም የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ ጸና። መሣሪያዎቹ፣ ያ የታጠፈ ሽቦ ከነብሎኑ፣ ዛሬ ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ተቀምጠዋል።